ምዕራፍ 5፦ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል?

ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመን እንመልስ። አንደኛው፦ 100 ብር በዓመት 2 በመቶ ወለድ በሚከፍል ሒሳብ አስቀምጣችሁ ለ5 ዓመት ሳትነኩት ብትቆዩ፣ በመጨረሻ የምታገኙት ከ102 ብር በላይ ነው፣ ልክ 102 ብር ነው ወይስ ከ102 በታች? ሁለተኛው፦ ባንኩ በዓመት 1 በመቶ ወለድ ቢከፍላችሁና የዕቃ ዋጋ በዓመት 2 በመቶ ቢጨምር፣ ከዓመት በኋላ በገንዘባችሁ የምትገዙት ዛሬ ከምትገዙት ይበልጣል፣ እኩል ይሆናል ወይስ ያንሳል?

የመጀመሪያው መልስ «ከ102 በላይ»፣ የሁለተኛው «ያንሳል» ነው። ጥያቄዎቹን በዶላር ያዘጋጇቸው አናማሪያ ሉሳርዲ እና ኦሊቪያ ሚቼል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ናቸው። ስጋትን ስለማከፋፈል የሚጠይቅ ሦስተኛ ጥያቄ አክለውበት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የገንዘብ ዕውቀት መለኪያ ሆኗል። በአሜሪካ ወጣቶች ላይ ሲሞከር ሦስቱንም በትክክል የመለሱት ከሦስት ሰው አንድ እንኳ አልሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ140 በላይ በሆኑ አገሮች የተደረገ ሌላ ሰፊ ጥናትም ስለ ገንዘብ መሠረታዊ ዕውቀት ያላቸው ከሦስት አዋቂዎች አንዱ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ቢያስቸግራችሁ የብዙ ሰው ችግር ነው፤ በዚህ ምዕራፍም ይፈታል።

በምዕራፍ 2 ገቢና ወጪን መመዝገብን፣ በምዕራፍ 3 ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያን፣ በምዕራፍ 4 ደግሞ ዕቁብንና ዕድርን አይተናል። በሦስቱም ውስጥ ስለ ብር መጠን ስናወራ ጊዜን ወደ ጎን ትተነው ነበር። አሁን ጊዜን እናስገባለን። ምዕራፉ የሚያስተምረው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «በመቶ» የሚል ቁጥር በሰማችሁ ቁጥር «በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል?» ብላችሁ መጠየቅና መልሱን በአንድ ማካፈል ማግኘት።

ዘሩና ነቀዙ

ገበሬ እህሉን ወቅቶ ሲያስገባ ለዘር የሚሆነውንና ለቀለብ የሚቀመጠውን ይለያል። ለዘር የተለየው መሬት ገብቶ ይበዛል። ከመጣው ምርት ላይ እንደገና ዘር ሲለይ ደግሞ የዘንድሮው ዘር ከአምናው ሊበልጥ ይችላል፤ አምና የበቀለው ዘንድሮ ራሱ ይዘራልና።

ጎተራ የገባው እህል ሌላ ዕጣ ይጠብቀዋል። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ በሞቃት ስፍራ አንድ ወር ገደማ ሲሞላው አዲስ ነቀዝ ሆኖ ይወጣና እሱም በተራው ይራባል። በመጀመሪያው ወር ጉዳቱ ለዓይን አይታይም። በሦስተኛው በአራተኛው ወር ጆንያው እንደተቋጠረ፣ መልኩም እንደነበረ ሆኖ ሳለ፣ እጅ ሲገባበት የሚዘገነው ባዶ ቅርፊትና ዱቄት ይሆናል።

ዘሩን የሚያበዛውና ነቀዙን የሚያበዛው ሒሳብ አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ትናንት የተጨመረው ዛሬ ራሱ ጨማሪ ይሆናል። የባንክ ወለድ እንደ ዘሩ፣ የዕቃ ዋጋ መጨመር ደግሞ እንደ ነቀዙ ይራባል። ቁጠባችሁ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ከሁለቱ የትኛው ፈጥኖ እንደሚራባ ነው።

ወለድ ወለድ ሲወልድ

ከዘሩ እንጀምር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ እንዲል ወስኗል። አንዲት የ20 ዓመት ወጣት 10,000 ብር በ7 በመቶ ብታስቀምጥና ወለዱን ሳታወጣ ብትተወው ምን ይሆናል?

በመጀመሪያው ዓመት 700 ብር ይጨመርላታል። በሁለተኛው ዓመት ወለድ የሚታሰበው በ10,700 ብሩ ላይ ስለሆነ የምታገኘው 749 ብር ነው። የ49 ብሯ ልዩነት የመጣችው ከአምናው ወለድ ነው። ይህን ተደራራቢ ወለድ እንለዋለን፤ ትርጉሙ ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልዳል ማለት ነው።

49 ብር ትንሽ ናት፤ ጊዜ ስታገኝ ግን መልኳ ይለወጣል። ወጣቷ 30 ዓመት ሲሞላት ሒሳቧ 19,672 ብር፣ በ40 ዓመቷ 38,697 ብር፣ በ50 ዓመቷ 76,123 ብር፣ በ60 ዓመቷ ደግሞ 149,745 ብር ይሆናል። ወለዱን በየዓመቱ እያወጣች ብታጠፋው ኖሮ በ40 ዓመት ውስጥ በጠቅላላ የምታገኘው ወለድ 28,000 ብር ብቻ ነበር።

ቁጥሮቹን ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የተጨመረው ከ10,000 ብር ያነሰ ነው። በመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት የተጨመረው ግን ከ73,000 ብር ይበልጣል። «ገና ወጣት ነኝ፣ 30 ሲሞላኝ እጀምራለሁ» የሚል ሰው የሚያጣው የመጀመሪያዎቹን 9,672 ብር ይመስለዋል። በእርግጥ የሚያጣው የመጨረሻውን እጥፍ ነው፤ በ60 ዓመቱ እጁ ላይ የሚገኘው 76,123 ብር እንጂ 149,745 ብር አይሆንም። ወጣት ብዙ ገንዘብ ባይኖረውም ገንዘብ የማይገዛው ጊዜ አለው፤ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ነው።

የ72 ስሌት

እነዚህን ቁጥሮች ለማግኘት በየጊዜው ማባዛት አያስፈልግም። 72ን ለመቶኛው አካፍሉ፤ የምታገኙት እጥፍ ለመሆን የሚፈጀው ዓመት ነው። 72 ለ7 ሲካፈል 10 ከምናምን ይሆናል፤ የወጣቷ ገንዘብ በየ10 ዓመቱ እጥፍ ገደማ የሆነው ለዚህ ነው። 9 በመቶ ከሆነ 8 ዓመት፣ 12 በመቶ ከሆነ 6 ዓመት፣ 24 በመቶ ከሆነ 3 ዓመት ነው።

ስሌቱ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፉ ጠቅሶታል። 72 የተመረጠበት ምክንያትም ቀላል ነው፦ ለትክክለኛው ቁጥር ቅርብ ነው፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈልም በአእምሮ ለማስላት ይመቻል። ከ4 እስከ 15 በመቶ ባለው ክልል መልሱ ትክክል ለማለት የሚያበቃ ነው። መቶኛው ከፍ ሲል በጥቂቱ ያጎድላል፤ ለምሳሌ ለ30 በመቶ 2.4 ዓመት ይላል፣ ትክክለኛው 2.6 ዓመት ነው። ለዕለት ውሳኔ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም።

ነቀዙ በቁጥር

አሁን ወደ ጎተራው እንግባ። የዋጋ ንረት ማለት አንድ ቤተሰብ የሚገዛቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች በአጠቃላይ ካለፈው ዓመት በስንት በመቶ እንደተወደዱ የሚገልጽ ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ይህ ቁጥር በ30 በመቶ አካባቢና ከዚያም በላይ ነበር። 72ን ለ30 አካፍሉ፦ ዋጋ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ወቅት በ7 በመቶ የተቀመጠ ገንዘብ እጥፍ ለመሆን 10 ዓመት ይፈልግ ነበር። ዘሩ አንድ ጊዜ እጥፍ እስኪሆን ነቀዙ አራት ጊዜ ያህል እጥፍ ይሆናል።

በብር እንየው። 10,000 ብር አስቀምጣችኋል። በዚያ ወቅት በቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ስለነበረ፣ ከ700 ብሩ 35 ብር ተቀንሶ 665 ብር ይደርሳችኋል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳባችሁ 10,665 ብር ይላል። በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን አሁን 13,000 ብር ሆኗል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ እናንተ 12,131 ብር አላችሁ፣ አስቤዛው 21,970 ብር ገብቷል። በገንዘባችሁ መግዛት የምትችሉት ከበፊቱ ግማሽ በጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ከሒሳባችሁ አንድ ብር አልጎደለም፣ ባንኩም ቃሉን ጠብቋል፤ የተበላው የመግዛት አቅሙ ነው።

በደመወዝም ላይ እንደዚሁ ነው። 30 በመቶ ንረት ባለበት ለሁለት ዓመት ተኩል ያልተጨመረ ደመወዝ፣ በወረቀት ላይ ያው ሆኖ ሳለ፣ በገበያ ግማሽ ሆኗል። ሥራ የጀመረ ወጣት ጭማሪ ሲጠይቅ ወይም ሁለት ቅጥሮችን ሲያወዳድር ይህን ስሌት ይዞ ቢገባ ጥያቄው ልመና አይሆንም፤ በቁጥር የተደገፈ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ይህን የሰሙ ብዙዎች «የት አለ የወረደው ዋጋ?» ብለው ጠይቀዋል። የወረደው የዋጋው የመጨመር ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ራሱ አልወረደም። በ15 በመቶ ንረት ዋጋ በ5 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ቀድሞ ከነበረው ሁለት ዓመት ተኩል ጋር ሲተያይ ነቀዙ በዝግታ መራባቱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የተበላው እህል ግን ተመልሶ አይሞላም።

አንዳንዴም ጉዳቱ ቀስ ብሎ አይመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሪያድ ወይም በቤሩት ሠርታ የላከችው ገንዘብ በብር ተመንዝሮ የተቀመጠላት፣ ዓላማዋ ግን ከውጭ የሚመጣ ማሽን መግዛት የነበረ ወጣት፣ በእነዚያ ሳምንታት ዕቅዷን እንደገና ለመጻፍ ተገድዳለች። ቁጠባን ስታቅዱ «ይህ ገንዘብ ምን ሊገዛልኝ ነው? የዚያስ ዕቃ ዋጋ በምን ይወሰናል?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ዕቁብን እንደገና ስናየው

በምዕራፍ 4 ዕቁብ ወለድ የሌለው፣ ዲሲፕሊን የሚያስተምር ቁጠባ መሆኑን አይተናል። ጊዜ ሲጨመርበት ግን አዲስ ነገር ይገለጣል። 12 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ እናስብ። የደረሰው ሁሉ 24,000 ብር ይወስዳል። ንረቱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ፣ የመጨረሻው ባለ ዕጣ ከ11 ወር በኋላ የሚወስደው 24,000 ብር፣ በመጀመሪያው ወር በ18,900 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ይገዛል። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ ወለድ የሌለው ብድር አግኝቷል፤ የመጨረሻው ደግሞ ለጓደኞቹ ወለድ የሌለው ብድር ሰጥቷል። ማንም ማንንም አላታለለም፣ ልዩነቱ የመጣው ከተራው ነው።

ይህ ዕቁብን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ዋጋ በሚጣደፍበት ዓመት አጭር ዙር ያለው ዕቁብ ከረጅሙ ይሻላል። የሥራ መሣሪያ ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ቀደም ያለ ዕጣ እንዲያገኝ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ቢነጋገር፣ በብዙ ዕቁቦች ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ነውር የለበትም። ዘግይቶ ለሚደርሰውም ቅር ላለመሰኘት ልዩነቱን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ስሌቱ በብድር ላይ

ተበዳሪ ስንሆን የሚራባው በእኛ ላይ ነው። በስልክ የሚገኝ አነስተኛ ብድር ለ30 ቀን 5,000 ብር ሰጥቶ 400 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢጠይቅ፣ 400 ብር ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ይህ በወር 8 በመቶ ነው። 72ን ለ8 ብናካፍል 9 እናገኛለን፤ መቶኛው የወር ስለሆነ መልሱም በወር ነው። ዕዳውን በሌላ ተመሳሳይ ብድር እየከፈለ የሚቀጥል ሰው በ9 ወር እጥፍ ዕዳ ይሸከማል።

አራጣ ከዚህም ይከፋል። በወር 10 በመቶ የሚበደር ሰው ዕዳው በ7 ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ምንም ሳይከፍል ዓመት ከሞላው 10,000 ብሩ ከ31,000 ብር በላይ ይደርሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች በብድር ላይ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ12 በመቶ ዕዳ እጥፍ የሚሆነው በ6 ዓመት ነው። 6 ዓመት ሠርቶ ለመክፈል ይበቃል፤ 7 ወር ግን አዲስ ሥራ ለጀመረ ሰው ደንበኛ ለማግኘት እንኳ አይበቃውም። አራጣ ቤት የሚያፈርሰው አበዳሪው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሐቀኛ ሥራ በዚያ ፍጥነት ማደግ አይችልም።

ስለዚህ ብድር ስትወስዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቶኛው የወር ነው ወይስ የዓመት? በዚህ መቶኛ ዕዳው መቼ እጥፍ ይሆናል? አበዳሪው በግልጽ ካልመለሰ፣ ዝምታውን እንደ መልስ ውሰዱት።

«በወር 30 በመቶ እንከፍላለን»

ወጣቶችን የሚያጠምዱ ማታለያዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሚያምኑት ሰው በኩል ነው፤ በዘመድ፣ በአብሮ አደግ ወይም በስልክ በሚላላክ ቡድን። ሰውየውን መመርመር ከባድ ነው፣ ቁጥሩን መመርመር ግን ይቻላል።

በወር 30 በመቶ ማለት ገንዘብ በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 10,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ ወደ 233,000 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ከ5 ሚሊዮን ይበልጣል፣ በሦስተኛው ዓመት ከ126 ሚሊዮን ብር ያልፋል። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው የእናንተን 10,000 ብር አይፈልግም፤ በራሱ 10,000 ብር ሠርቶ በሦስት ዓመት ሚሊየነር መሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ አባላት በእርግጥ ገንዘብ ይከፈላቸው ይሆናል። የሚከፈላቸው ግን ከኋላ ከገቡት ገንዘብ ነው፤ አዲስ ገቢ በቆመ ቀን ክፍያውም ይቆማል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው መቆጠብ ከንቱ ነው» ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው። ያልተቆጠበ ብር ቀስ በቀስ አይቀንስም፤ ዛሬውኑ ያልቃል። ትክክለኛው መደምደሚያ ገንዘብን በሚያስፈልግበት ጊዜ መለየት ነው።

በጥቂት ወራት ውስጥ ሊያስፈልግ የሚችለው፣ በምዕራፍ 3 መጠባበቂያ ያልነው፣ በባንክ ይቀመጥ። ንረት ጥቂት ይበላዋል፤ ይህ በታመማችሁ ወይም ከሥራ በወጣችሁ ቀን ገንዘቡ በእጃችሁ ለመገኘቱ የምትከፍሉት ዋጋ ነው። በአገራችን የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ እስከ 100,000 ብር ለአንድ አስቀማጭ ዋስትና መስጠቱም ይህን ገንዘብ በቤት ከመደበቅ የተሻለ ያደርገዋል።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ለምታውቁት ዓላማ የሚሆነው ሁለት መንገድ አለው። ዕቃው የማይበላሽና በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀድሞ መግዛት ይቻላል። ሲንጀር የሚያስፈልጋት ልብስ ሰፊ ብሩን ዓመት ከምታቆየው ማሽኑን ቀድማ ገዝታ ብትሠራበት ይሻላታል። ካልሆነ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ተቀማጭን መጠየቅ ነው፤ 7 በመቶ ዝቅተኛው ወለድ ስለሆነ፣ ለረዘመ ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው ከፍ ያለ ወለድ ሊደራደር ይችላል።

ለሩቅ ጊዜ የሚሆነው ገንዘብ ግን መዘራት አለበት። ለወጣት የመጀመሪያው እርሻ ራሱ ነው። 20,000 ብር የሚፈጅ የሙያ ሥልጠና ገቢያችሁን በወር 1,500 ብር ከጨመረ፣ በዓመት 18,000 ብር፣ ማለትም 90 በመቶ ይመልሳል፤ የትኛውም ባንክ ይህን አይከፍልም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የድርጅት ባለቤትነት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የድርጅት ትርፍ ከዋጋ ጋር አብሮ ሊያድግ ስለሚችል አክሲዮን ከንረት ጋር የመሮጥ ዕድል አለው። ዕድል እንጂ ዋስትና የለውም፤ ትርፍ ላይኖር፣ ዋጋውም ሊወርድ ይችላል። ገና በምሥረታ ላይ ሳሉ አክሲዮን ሸጠው ሥራ ሳይጀምሩ የቀሩም ነበሩ።

መልመጃ

ከምዕራፍ 2 ጀምሮ የምትጽፉበትን ደብተር ክፈቱና በአንድ ገጽ ላይ አራት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው ቁጠባችሁ የሚያገኘውን ወለድ፣ በሁለተኛው የስታቲስቲክስ አገልግሎት በመጨረሻ ያወጣውን የዋጋ ንረት፣ በሦስተኛው ደመወዛችሁ ወይም ገቢያችሁ ካለፈው ዓመት የጨመረበትን መቶኛ፣ በአራተኛው ዕዳ ካለባችሁ የዕዳውን ወለድ ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ 72ን አካፍላችሁ ዓመቱን፣ መቶኛው የወር ከሆነ ደግሞ ወሩን አስፍሩ። አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታዩ፣ መጀመሪያ መነካት ያለበት ቁጠባው፣ ገቢው ወይስ ዕዳው እንደሆነ ገጹ ራሱ ይነግራችኋል። ለብዙ ወጣት ተበዳሪ መልሱ ዕዳው ነው፤ በወር 8 በመቶ የሚያስከፍልን ዕዳ መዝጋት በወር 8 በመቶ እንደማትረፍ ነውና።

ከሦስቱ ጥያቄዎች የቀረን አንዱ ነው፦ ያለንን ሁሉ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ወይስ መከፋፈል ይሻላል? አክሲዮንን በተመለከተ «ዕድል እንጂ ዋስትና የለውም» ያልነውም መልስ የሚያገኘው እዚያው ላይ ነው። ምዕራፍ 6 ከዚህ ይጀምራል፤ ስትመጡ የአራቱን መስመር ገጽ ይዛችሁ ኑ፣ እንሠራበታለን።